የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ አጭር ስላይድ በሙሉ ቁመት ፍሬም ላይ

በዚህ ዕትም የቀረቡት ጥያቄዎች አራት ቢሆኑም ጉዳያቸው አንድ ነው፤ የአንዱን ሽጉጥ የላይኛ አካል በሌላው የታችኛ አካል ላይ ስለመግጠም የሚጠይቁ ናቸው። ብዙ ሰው በተለምዶ እንደሚጠራው፣ ሽጉጡን ስናቀባብል ወደ ኋላ የምንስበውን የላይኛውን አካል ስላይድ፣ እጀታውንና ምላጩን የያዘውን የታችኛውን አካል ደግሞ ፍሬም እያልን እንቀጥላለን።

ጥያቄ፦ ለብዙ ዓመታት የያዝኩት ሽጉጥ ግሎክ 17 ነው። እጀታው ለእጄ ልክ ነው፤ ትንሿ ጣቴ ሳትቀር መደገፊያ ታገኛለች። ሆኖም ወገቤ ላይ ታጥቄው ስቀመጥ የአፈሙዙ ጫፍ ወንበሩን እየነካ ሽጉጡን ወደ ላይ ይገፋብኛል። አንድ ወዳጄ የግሎክ 19 ስላይድ ከነበርሜሉና ከነሞላው እንድገዛው ጠይቆኛል። ይህን አጭር ስላይድ በእኔ ሙሉ ቁመት ፍሬም ላይ ብገጥመው ይሠራል? ሽጉጤንስ ይጎዳብኛል?

መልስ፦ የሁለቱም ትውልድ፣ ማለትም ፋብሪካው ሽጉጡን በየጊዜው እያሻሻለ ያወጣበት ዙር፣ አንድ ከሆነ ይገጥማል፤ በአብዛኛውም ያለችግር ይሠራል። ለምን እንደሚሠራ ማወቁ ግን ይጠቅምዎታል፤ ምክንያቱም ስላይዱ ሐዲዱ ላይ ገብቶ መንሸራተቱ ብቻ ሽጉጡ በትክክል እንደሚሠራ ማረጋገጫ አይሆንም።

ግሎክ 17ን የኦስትሪያ ጦር የተቀበለው በ1982 እ.ኤ.አ. ሲሆን ግሎክ 19 ከእርሱ አጥሮ የወጣው በ1988 ነው። የመጀመሪያው በርሜል 114 ሚሊሜትር፣ የሁለተኛው 102 ሚሊሜትር ነው። ፋብሪካው ሽጉጡን ሲያሳጥረው የቀነሰው ከፊት በኩል እና ከእጀታው ግርጌ ነው። ስላይዱ የሚሄድባቸው የብረት ሐዲዶች፣ ቀለህ የሚመታውና ወደ ውጭ የሚያስፈነጥረው ብረት፣ ከምላጩ ወደ ኋላ የሚሄደው ማያያዣ፣ እነዚህ ሁሉ እርስ በርስ ያላቸው ቦታ አልተነካም። ስለዚህ አጭሩ ስላይድ በረጅሙ ፍሬም ላይ ሲቀመጥ የኋላው ክፍል ሁሉንም ነገር በለመደው ቦታ ያገኘዋል።

ልዩነቱ የሚታየው ከፊት ነው። ከምላጩ መከላከያ ቀለበት ተነሥቶ ከስላይዱ ሥር ወደ አፈሙዙ የሚዘረጋው የፍሬሙ ክፍል፣ የፊት ምላስ ልንለው እንችላለን፣ በግሎክ 17 ላይ የተሠራው ለረጅሙ ስላይድ ነው። አጭሩ ሲገጠምበት ይህ ምላስ ከስላይዱ ጫፍ ትንሽ ወጣ ብሎ ይታያል። ስላይዱ በተኩስ ጊዜ ወደ ኋላ ሲመለስ አፍንጫው የሚያልፈው በዚሁ ምላስ ውስጥ ባለው ቦይ ስለሆነ የምላሱ መርዘም እንቅስቃሴውን አያግደውም። ለዓይን የማያምር መሆኑ ግን እውነት ነው፤ ከአፈሙዙ የሚወጣው ጥቀርሻም በወጣው ጫፍ ላይ ይከማቻል። በፍሬሙ ሥር መብራት የሚያስሩ ከሆነ የመብራቱ መስተዋት ከአፈሙዙ ይበልጥ ስለሚቀድም ከወትሮው ፈጥኖ ይጠቁራል። አሁን የሚጠቀሙበት የግሎክ 17 ማህደር ጫፉ ክፍት ከሆነ ያገለግልዎታል፤ ለግሎክ 19 ተብሎ የተቀረጸ ጠንካራ ማህደር ግን የእርስዎን ረጅም ምላስ ላይቀበለው ይችላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በእነዚህ ሽጉጦች ውስጥ ስላይድ፣ በርሜልና ሞላ አንድ ላይ ተመዝነው የተሠሩ ናቸው። ጥይቱ ሲተኮስ በርሜሉና ስላይዱ እንደተቆላለፉ ጥቂት ሚሊሜትር አብረው ወደ ኋላ ይሄዳሉ፤ ጥይቱ ከአፈሙዙ ወጥቶ በውስጥ ያለው ግፊት ሲቀንስ የበርሜሉ ኋላ ዝቅ ብሎ ከስላይዱ ይላቀቃል፤ ስላይዱ ብቻውን ጉዞውን ይቀጥላል፣ ቀለሁን ጎትቶ ያወጣል፣ ሞላውን እየጨመቀ እስከ መጨረሻው ይደርሳል፤ ከዚያ ሞላው መልሶ ሲገፋው ከካዝናው ራስ አዲስ ጥይት ገፍቶ ያጎርሳል። የስላይዱ ርዝመት ሲቀንስ ክብደቱም ይቀንሳል። ወደ ኋላ የሚመታው ርግጫ ያው ሆኖ የሚንቀሳቀሰው ብረት ክብደት በ10 በመቶ ቢቀንስ፣ የስላይዱ ፍጥነትም ይዞት የሚሄደው ጉልበትም በ11 በመቶ ገደማ ይጨምራሉ። ይህን የተጨመረ ጉልበት ተቀብሎ የሚያበርደው ሞላው ስለሆነ ነው ለአጭር ስላይድ የራሱ ሞላ የተሠራለት። የካዝናው ሞላም ድርሻ አለው፤ ስላይዱ በፈጠነ ቁጥር የሚቀጥለውን ጥይት ወደ ላይ ለማንሣት ያለው ጊዜ ያጥራል፤ ለዚህም ነው በረጅሙ ስላይድ ሥር ያላስቸገረ የደከመ የካዝና ሞላ በአጭሩ ሥር ማስቸገር የሚጀምረው።

ስለዚህ ወዳጅዎ ከነበርሜሉና ከነሞላው የሚሰጥዎት መሆኑ ትክክለኛው መንገድ ነው። ሦስቱን አይለያዩአቸው። የግሎክ 17ን ሞላ በግሎክ 19 ስላይድ ውስጥ ለማስገባት አይሞክሩ።

ስለ ትውልድ የተናገርኩትንም በጥንቃቄ ይዩት። እስከ ሦስተኛው ትውልድ ያሉት ግሎክ 17 እና ግሎክ 19 የሚጠቀሙት በነጠላ ሞላ ሲሆን አራተኛው ትውልድ አንዱ በሌላው ውስጥ የሚገባ ድርብ ሞላ ይዞ መጣ፤ ይህ ሞላ ወፍራም ስለሆነ የስላይዱም የፊት ቀዳዳ ሰፋ። አምስተኛው ትውልድ ደግሞ የመምቻው መርፌ መቆለፊያንና ከምላጩ የሚመጣውን ማያያዣ ቅርጽ ለወጠ። የመርፌው መቆለፊያ ሽጉጡ ሲወድቅ እንዳይተኩስ የሚከላከል ክፍል ነው። ከፍሬሙ የሚመጣው ማያያዣና በስላይዱ ውስጥ ያለው መቆለፊያ የማይተዋወቁ ከሆነ ችግሩ ሽጉጡ እምቢ ማለቱ ብቻ አይደለም፤ ባልተፈለገ ጊዜ መተኮሱም ሊከተል ይችላል። በትውልድ የተለያየ ስላይድና ፍሬም «ገባ እኮ» ብሎ የሚያሳይ ሰው ቢያጋጥምዎት እንኳ አይከተሉት።

ከገጠሙት በኋላ ምን ይፈትሹ? ከሁሉ አስቀድሞ ካዝናውን ያውጡ፣ ስላይዱን ስበው የጥይት መጉረሻውን በዓይንዎም በጣትዎም ያረጋግጡ፣ ጥይትን በሙሉ ከክፍሉ ያስወጡ። ይህን አጥብቄ የምናገረው ግሎክን ለመፍታት ምላጩን መሳብ ግድ ስለሆነ ነው፤ በዚህ ሽጉጥ ላይ በቤት ውስጥ ከሚደርሱት አደጋዎች አንዱ የሚመጣው ካዝናው ወጥቶ አንዱ ጥይት በመጉረሻው ውስጥ እንደቀረ ምላጩ ሲሳብ ነው። ከዚያም ስላይዱን በእጅዎ ቀስ ብለው እስከ መጨረሻው ይሳቡትና ይልቀቁት፤ የሚያንገራግር፣ የሚፋተግ ወይም ሊዘጋ ጥቂት ሲቀረው የሚቆም ከሆነ ወደ ተኩስ አይሂዱ። ባዶ ካዝና አስገብተው ሲስቡት ስላይዱ ኋላ ላይ ተይዞ መቆም አለበት። ምላጩን ስበው ሳይለቁት ስላይዱን አንድ ጊዜ ወደ ኋላ መልሰው ሲተዉት፣ ቀጥሎም ምላጩን ቀስ ብለው ሲለቁት ተመልሶ ሲይዝ «ቀጭ» ሲል በጣትዎ ሊሰማዎት ይገባል። ከዚህ በኋላ የሚቀረው የተኩስ ሜዳው ነው። እኔ ሰው ሊተማመንበት የሚያስበውን ሽጉጥ፣ ሊጠቀምበት ባሰበው የጥይት ዓይነት ቢያንስ 200 ጊዜ ሳይተኮስ አልቀበለውም፤ በዚያ መካከል አንድ መንከስ፣ ማለትም የጥይት መጨናነቅ፣ ካጋጠመ ምክንያቱን አግኝቼ ቆጠራውን ከአንድ እጀምራለሁ።

የሚያጡት ነገር ትንሽ ነው። የበርሜሉ 12 ሚሊሜትር ማጠር የጥይቱን ፍጥነት ብዙውን ጊዜ በሰከንድ ከ10 ሜትር በላይ አይቀንሰውም። በፊትና በኋላ ማነጣጠሪያ መካከል ያለው ርቀት በግሎክ 17 ላይ 165፣ በግሎክ 19 ላይ 153 ሚሊሜትር ገደማ ነው። የፊት ማነጣጠሪያውን በ1 ሚሊሜትር አዛብተው ቢይዙ በ25 ሜትር ርቀት ላይ ጥይቱ በረጅሙ 15 ሴንቲሜትር ያህል፣ በአጭሩ ደግሞ ከ16 ሴንቲሜትር ጥቂት አልፎ ይስታል። ልዩነቱን እጅ የሚያርመው ነው።

የሚያገኙትንም ግን አጋንነው አይጠብቁ። በልብስ ሥር የሚያጋልጠው እጀታው ነው፤ ወደ ኋላ ወጥቶ ልብሱን የሚወጥረው እርሱ ሲሆን በርሜሉ ከሱሪ ጋር ትይዩ ስለሚወርድ ርዝመቱ እምብዛም አይታይም። ስለዚህ አጭር ስላይድ በረጅም እጀታ ላይ መግጠም ሽጉጥን ለመደበቅ ብዙ አያግዝም። እርስዎ ግን የጠየቁት ስለ መደበቅ ሳይሆን ሲቀመጡ ስለሚገፋዎት አፈሙዝ ነው፤ ለዚህ 12 ሚሊሜትር በእርግጥ ይሰማዎታል። ካዝናውም ያው 17 ጥይት የሚይዘው ሆኖ ይቀጥላል።

ሐሳቡ እንግዳ እንዳልሆነ እንዲያውቁት ፋብሪካዎች ራሳቸው የሠሩትን ልጥቀስ። ቤሬታ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሴንቱሪዮን ብሎ ያወጣው ሽጉጥ በሙሉ ቁመት የ92 ፍሬም ላይ 109 ሚሊሜትር በርሜል ያለው አጭር ስላይድ የተገጠመለት ነው። የአሜሪካ ጦር በ2017 እ.ኤ.አ. የሲግ ሳወር ፒ320ን ሲመርጥ ከተቀበላቸው ሁለት መጠኖች ኤም18 የተባለው 99 ሚሊሜትር በርሜል ያለው ሆኖ እጀታው ሙሉ ነው። ግሎክም በዚያው ውድድር ካቀረበው የተወለደውን ግሎክ 19ኤክስ በጥር 2018፣ ግሎክ 45ን ደግሞ በዚያው ዓመት አወጣ፤ ሁለቱም የግሎክ 19 ስላይድ በግሎክ 17 ቁመት እጀታ ላይ ናቸው፤ የፊት ምላሳቸው ግን ለአጭሩ ስላይድ ተለክቶ ተቆርጧል። አቅምዎ ከፈቀደ ከእነዚህ አንዱን መያዝ ሁለት ሽጉጥ ከማዳቀል ይሻላል እላለሁ። ካልፈቀደ ደግሞ የወዳጅዎ ስላይድ ትውልዱ ከእርስዎ ጋር አንድ ይሁን እንጂ ነውር የለውም።

ጥያቄ፦ የእኔ ሽጉጥ ኮልት 1911 ሲሆን በሙሉ ቁመት ፍሬሙ ላይ የኮማንደር፣ ማለትም የዚሁ ሽጉጥ አጠር ያለ ዓይነት፣ አጭር ስላይድ ተገጥሞለታል። የገጠመልኝ ሰው የነበረውን ሞላ እንዳለ መልሶበታል። የመጨረሻው ጥይት ሲተኮስ ስላይዱ ኋላ ላይ ተይዞ አይቆምም፤ አንዳንዴም ቀለሁ ሳይወጣ ተቆንጥጦ ይቀራል። ካዝና ብቀያይርም ያው ነው።

መልስ፦ ከነገሩኝ ተነሥቼ የምጠረጥረው ሞላውን ነው። የ1911 ሙሉ ቁመት በርሜል 5 ኢንች፣ ማለትም 127 ሚሊሜትር ሲሆን የኮማንደሩ 108 ሚሊሜትር ነው። ለረጅሙ የተሠራ ሞላ በአጭሩ ስላይድ ሥር ሲገባ ጥቅልሎቹ የሚጨመቁበት ቦታ ያጥራቸዋል። ስላይዱ ጉዞውን ሳይጨርስ ጥቅልሎቹ እርስ በርሳቸው ተደራርበው እንደ ቧንቧ ይሆናሉ፤ ከዚያ ወዲያ ሞላው ሞላ መሆኑ ይቀርና ስላይዱን እንደ ግድግዳ ያቆመዋል። በእጅ ሲያቀባብሉት ጤነኛ ይመስላል፤ የጎደለው የመጨረሻው ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ስለሆነ።

ከጥቂት ጊዜ በፊት ይህንኑ የሚመስል ሽጉጥ ጠረጴዛዬ ላይ ቀርቦ ነበር። ያደረግሁትን እርስዎም በባዶ ሽጉጥ ሊያደርጉት ይችላሉ። ሞላውን ብቻ አወጣሁና የሞላውን መሪ ዘንግ በቦታው ትቼ ሽጉጡን መልሼ ገጠምሁት፤ የስላይዱን የመጨረሻ ማቆሚያ የሚወስነው የመሪው ግርጌ ስለሆነ እርሱ መቅረት የለበትም። በፍሬሙ ጎን ላይ ቁራጭ የወረቀት ቴፕ ለጥፌ፣ ስላይዱን እስከ መጨረሻው ስቤ፣ ጫፉ የደረሰበትን ቦታ በቀጭን እርሳስ አሰመርሁ። ቀጥሎ ሞላውን አስገብቼ ዳግመኛ ሳብሁትና ሁለተኛ መስመር ሠራሁ። በሁለቱ መስመሮች መካከል ሦስት ሚሊሜትር የሚሆን ነጭ ቦታ ቀርቷል። ሁለቱ መስመሮች አንድ ላይ ማረፍ ነበረባቸው። ሞላው ሲወጣ ከአንዱ ጫፉ ያሉት ጥቅልሎች ጎናቸው ተፋትጎ ያበራ ነበር።

መፍትሔው ለኮማንደር የተሠራውን አጭር ሞላ ማስገባት ነው። ለሙሉ ቁመቱ የተለመደው ሞላ 16 ፓውንድ፣ ማለትም 7.3 ኪሎ ገደማ፣ ለኮማንደሩ ደግሞ 18 ፓውንድ፣ ማለትም 8.2 ኪሎ ገደማ ጉልበት ያለው ነው። አጭሩ ሞላ ጠንካራ የሆነው ቀደም ብዬ እንደገለጽሁት የቀለለውን ስላይድ ማብረድ ስላለበት ነው። የረጅሙን ሞላ በፒንሳ እየቆረጡ ማሳጠር መደበቂያ እንጂ ጥገና አይደለም፤ መጨናነቁ ቢቀርም ጉልበቱ ለዚህ ስላይድ አይበቃም።

ነገር ግን 1911 እንደ ግሎክ ክፍሎቹ እንዳሉ የሚቀያየሩበት ሽጉጥ ስላልሆነ አንድ ተጨማሪ ነገር ያሳዩ። በርሜሉ ከሥሩ ባለችው ትንሽ ማያያዣ እየተሳበ ዝቅ የሚልበት ጊዜ በትክክል ካልተለካ፣ በርሜሉ ከስላይዱ ሳይላቀቅ ስላይዱ መጎተት ይጀምራል። ይህ በበርሜሉ ጀርባ ባሉት የመቆለፊያ ጥርሶች ላይ ይነበባል። ጠርዛቸው ስለት እንደያዘ ከሆነ ደኅና ነው፤ ተደፍጥጦ ወይም ተጠማዝዞ ካዩት ግን መተኮሱን ያቁሙና 1911ን በእጅ አለካክቶ መግጠም ለሚያውቅ ባለሙያ ይስጡት። ሞላ መቀየር ያንን አያድነውም።

ጥያቄ፦ ስላይዱ የራሱ ቁጥር፣ ፍሬሙም የራሱ ቁጥር ካለው ሽጉጡ በየትኛው ነው የሚታወቀው?

መልስ፦ እንደየአገሩ ሕግ ይለያል። በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ መሠረት እንደ መሣሪያ የሚቆጠረው ፍሬሙ ብቻ ሲሆን ስላይድ እንደ ተራ መለዋወጫ ይሸጣል። በአውሮፓ ኅብረት መመሪያ ደግሞ ፍሬምም፣ በርሜልም፣ ስላይድም እያንዳንዳቸው ዋና ክፍል ተብለው ቁጥጥር ይደረግባቸዋል፤ ስለዚህ ከወዳጅ ላይ ስላይድ ብቻ መግዛት ሙሉ ሽጉጥ እንደመግዛት ፈቃድ ሊጠይቅ ይችላል። ከመገበያየትዎ በፊት ፈቃድ ሰጪውን አካል ይጠይቁ፤ ከተገበያዩም በኋላ በመዝገብዎ ላይ ያለው ቁጥር በእጅዎ ካለው ጋር መመሳሰሉን ያረጋግጡ።

ጥያቄ፦ የእኔ ተቃራኒው ነው። ግሎክ 19 አለኝ፤ ለዒላማ ተኩስ የግሎክ 17 ረጅም ስላይድ ልገጥምበት እችላለሁ?

መልስ፦ ይህንን አልመክርም። የግሎክ 17 ስላይድ የሚጠብቀው ረጅም የፊት ምላስ በእርስዎ ፍሬም ላይ የለም፤ ስለዚህ በምላሱ ጫፍና በስላይዱ አፍንጫ መካከል ክፍተት ይቀርና ሞላው ከሥር ተገልጦ ይታያል። አቧራና ቆሻሻ በዚያ ይገባል፤ ሞላው ከሥሩ የሚሸፍነው አካል አጥቶ ይሠራል። ይህን ክፍተት ለመድፈን የሚሸጡ ማስተካከያዎች ቢኖሩም ረጅም ስላይድ በአጭር ፍሬም ላይ ለሚፈልግ ሰው ከፋብሪካው የተሠራ መልስ አለ፤ ግሎክ 47 ይባላል፣ ለገበያ የቀረበውም በ2023 እ.ኤ.አ. ነው። ከውጭ ሲታይ ስላይዱ የግሎክ 17ን ያህል ይረዝማል፤ ከሥሩ ሲገለበጥ ግን የሞላው መቀመጫ በግሎክ 19 ልክ የተሠራ ነው። ስለዚህ በአምስተኛው ትውልድ ግሎክ 19 ፍሬም ላይ ያለክፍተት ይቀመጣል። የእርስዎ ፍሬም የአምስተኛው ትውልድ ከሆነ የሚፈልጉት ስላይድ ይህ ነው፤ ከዚያ የቀደመ ከሆነ ግን ረጅሙን ሽጉጥ ራሱን ችሎ ቢይዙት ይሻላል።